ጌጁ የማይቆጥረው አየር

ከምንም ነገር ጋር ያልተገናኘ የግፊት ጌጅ ዜሮ ላይ ይቆማል። ዲላ ከተማ በአንድ ጎሚስታ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ዜሮ ነው፤ ወደ ቡሌ ደጋ ቢወጣም ዜሮ ነው፤ ጅቡቲ ወደብ ቢወርድም ያው ነው። በሦስቱ ቦታዎች ያለው አየር ግን እኩል አይጫንም። ጌጁ አልተበላሸም። የሚናገረው በውስጡ የገባው ግፊት በዙሪያው ካለው አየር ግፊት ምን ያህል እንደሚበልጥ ወይም እንደሚያንስ ብቻ ስለሆነ ነው። በዙሪያው ካለው አየር ተነሥቶ የሚቆጠረው ይህ ልኬት የጌጅ ግፊት ይባላል። አየርም ሆነ ሌላ ጋዝ ጨርሶ ከሌለበት ባዶ ተነሥቶ የሚቆጠረው ደግሞ ፍጹም ግፊት ነው።

የሁለቱ ዝምድና በአንድ መስመር ያልቃል፦

ፍጹም ግፊት = የጌጅ ግፊት + የአካባቢው የአየር ግፊት

ሒሳቡ ተራ ድምር ነው። ስሕተት የሚገባው የሚደመረው ቁጥር ሲመረጥ ነው። አብዛኞቹ የመማሪያ መጻሕፍትና የማሽን መመሪያዎች የአየርን ግፊት 101.3 ኪሎፓስካል ወይም 14.7 ፒኤስአይ ብለው ይሰጣሉ። ይህ የባሕር ወለል ቁጥር ነው። በጌዴኦ ዞን ውስጥ ይህ ቁጥር የሚሠራበት አንድም ቀበሌ የለም፤ በአዲስ አበባም፣ በሐዋሳም፣ በጎንደርም አይሠራም። ለደጋ አገር ሰው የዚህ ምዕራፍ ዋና ጉዳይ ይኸው ነው፦ መደመር ያለበት እግሩ የቆመበት ቦታ የአየር ግፊት ነው።

አየር እንደሚጫን በመለኪያ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1643 የጣሊያኑ ቶሪቼሊ ነው። አንድ ጫፉ የተዘጋ የብርጭቆ ቱቦ በሜርኩሪ ሞልቶ በሜርኩሪ ሳሕን ላይ ሲደፋው ሜርኩሪው ሙሉ በሙሉ አልወረደም፤ 760 ሚሊሜትር ገደማ ላይ ቆመ። ሳሕኑን ከላይ የሚጫነው አየር ደግፎ ይዞት ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1648፣ ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል የእኅቱን ባል ይህንኑ መሣሪያ አስይዞ ፑይ ደ ዶም የተባለ ተራራ ላይ እንዲወጣ አደረገ። ሜርኩሪው ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ዝቅ አለ። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ከበላዩ የሚቀረው አየር ትንሽ ነውና ጫናውም ይቀንሳል።

የጌዴኦ ምድር ይህንን ለማየት የተመቸ ነው። ከዲላ ተነሥቶ ወደ ደጋው የሚወጣ መንገደኛ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከ1000 ሜትር በላይ ከፍታ ይቀይራል። ዲላ 1570 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ በመደበኛው የአየር ሠንጠረዥ መሠረት ግፊቷ 84 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው፤ ይህም 12.2 ፒኤስአይ ወይም 629 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ማለት ነው። በይርጋጨፌ ወረዳ ያለችው የቡና ቀበሌ ኢዲዶ 1900 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ግፊቷ ወደ 80.5 ኪሎፓስካል ይወርዳል። በቡሌ ደጋ 2800 ሜትር ላይ ያለ ቦታ 72 ብቻ ይኖረዋል። ለማነጻጸር ያህል፣ አዲስ አበባ 76፣ ራስ ዳሸን ጫፍ 57 አካባቢ ናቸው፤ ዳሎል ግን ከባሕር ወለል በታች ስለሆነ ከ101.3 ያልፋል። በጌዴኦ ከፍታዎች ላይ አንድ ምቹ መንገድ አለ፦ 100 ሜትር ሽቅብ በተወጣ ቁጥር 1 ኪሎፓስካል ገደማ ይቀነሳል።

ይህ ግምት ዓመቱን ሙሉ ያገለግላል። በአውሮፓ የአየር ጠባይ ሲለዋወጥ ግፊቱ በብዙ ይዋዥቃል፤ በምድር ወገብ አካባቢ ግን ለውጡ ትንሽ ነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓትና ከምሽቱ 4 ሰዓት አካባቢ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ከቀኑ 10 ሰዓትና ከሌሊቱ 10 ሰዓት አካባቢ ዝቅ ይላል። ልዩነቱ ከአንድ ኪሎፓስካል ክፍልፋይ አያልፍም። ስለዚህ የቦታውን ከፍታ የሚያውቅ ሰው ባሮሜትር ባይኖረውም ለተራ ሥራ የሚበቃ ቁጥር በእጁ ነው።

ባሮሜትር ሳይያዝ ግፊትን ማወቂያ ሌላም መንገድ አለ፤ የሚፈላ ውኃ። ውኃ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከበላዩ ካለው ፍጹም ግፊት ጋር ሲተካከል ነው። ዲላ ላይ 94.8፣ ኢዲዶ ላይ 93.7፣ በቡሌው ከፍታ 90.7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈላል። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ኢትዮጵያን በመለኪያ እያጠና የዞረው አንቷን ዳባዲ የተራሮችንና የመንደሮችን ከፍታ ካወጣባቸው መንገዶች አንዱ ውኃ አፍልቶ ሙቀቱን ማንበብ ነበር። ቴርሞሜትሩ የነገረው ፍጹም ግፊትን ነው። የጎማ ጌጅ ይዞ ቢሆን ኖሮ በየተራራው አናት የሚያነበው ዜሮ ብቻ ነበር።

ጌጁ ለምን እንዲህ ሆኖ ተሠራ? ዛሬም በኮምፕሬሰርና በቦይለር ላይ የሚታየው ክቡ ጌጅ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1849 ፈረንሳዊው ዩጂን ቡርዶን ያስመዘገበው ፈጠራ ነው። ውስጡ ጠፍጠፍ ያለ፣ እንደ ቅስት የታጠፈና አንድ ጫፉ የተዘጋ የብረት ቱቦ አለ። ግፊት ሲገባበት ሊቃና ይሞክራል፤ እንቅስቃሴውም በጥርሶች አልፎ ጠቋሚውን ያዞራል። ቱቦውን ከውጭ የሚከበው ግን የዚያው ቦታ አየር ነው። የውስጡ ግፊት ሊያቃናው ሲገፋ የውጭው ይመልሰዋል፤ ጠቋሚውን የሚያዞረው የሁለቱ ልዩነት ነው። ፍጹም ግፊት የሚለካ መሣሪያ በአንጻሩ አየሩ ተመጥጦ የታሸገ ባዶ ክፍል በውስጡ አለው፤ የሚያነጻጽረው ከዚያ ባዶ ጋር ነው። በመሣሪያው ፊት ላይ ከፒኤስአይ ቀጥሎ ‹‹ጂ›› የተባለችው የላቲን ፊደል ካለች ልኬቱ የጌጅ ነው፤ ‹‹ኤ›› ካለች ፍጹም ነው። ምንም ካልተጻፈበት፣ ክፍት አየር ላይ ሲቀመጥ ዜሮ የሚያሳየው የጌጅ፣ በኪሎፓስካል 84 ወይም 80 አካባቢ የሚያሳየው የፍጹም ግፊት መሣሪያ ነው።

ከአንዱ አሃድ ወደ ሌላው

በአገራችን ገበያ ያሉ ጌጆች ከጣሊያን፣ ከቻይና፣ ከሕንድና ከሌላም የመጡ በመሆናቸው አሃዶቻቸው ይለያያሉ። 1 ባር 100 ኪሎፓስካል ወይም 14.5 ፒኤስአይ ነው። 1 ፒኤስአይ 6.895 ኪሎፓስካል ነው። በካሬ ሴንቲሜትር 1 ኪሎግራም የሚለው የቆየ አሃድ 98.07 ኪሎፓስካል ሲሆን ከባር የሚለየው በ2 በመቶ ነው፤ ለጎማ ይህ ልዩነት ዋጋ የለውም። 1 ሚሊሜትር ሜርኩሪ 0.133 ኪሎፓስካል ነው።

አሃድ መቀየርና መነሻ ዜሮን መቀየር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ሰው የሚሳሳተውም ሁለቱን ባንድ ላይ ለመሥራት ሲሞክር ነው። ደኅናው አካሄድ መጀመሪያ ሁሉንም ወደ አንድ አሃድ ማምጣት፣ ከዚያ መደመር ነው። ዲላ ላይ 32 ፒኤስአይ የተሞላ የቤት መኪና ጎማ ይወሰድ። 32 በ6.895 ሲባዛ 220.6 ኪሎፓስካል ይሆናል። የዲላ አየር 83.8 ሲደመርበት ፍጹም ግፊቱ 304.4 ኪሎፓስካል ነው፤ ማለትም 3.04 ባር ወይም 44.2 ፒኤስአይ። ወደ ኋላ ለመመለስ መቀነስ ነው። ሁለት ግፊቶች ተቀናንሰው የሚገኘው ልዩነት ግን በጌጅም በፍጹምም ያው ነው፤ በማጣሪያ ወዲያና ወዲህ ያለው ልዩነት 20 ኪሎፓስካል ከሆነ ምንም የሚደመርበት ነገር የለም።

የጋዝ ሕግ ሲመጣ ግን ያለ ፍጹም ግፊት አንድ እርምጃ መሄድ አይቻልም። የታሸገ ጋዝ ግፊት ከሙቀቱ ጋር በተመጣጣኝ የሚጨምረው ግፊቱም ሙቀቱም ከእውነተኛ ዜሯቸው ሲቆጠሩ ብቻ ነው። ቡና የጫነ የጭነት መኪና ጎማው ዲላ ላይ በ22 ዲግሪ ሙቀት 100 ፒኤስአይ ተሞልቶ ቢነሣና በመጨረሻ ጅቡቲ ወደብ በ38 ዲግሪ ቆሞ ቢለካ ስንት ያሳያል? ፍጹም ግፊቱ ሲነሣ 112.2 ፒኤስአይ ነው። ሙቀቱ ከ295 ወደ 311 ኬልቪን ስላደገ ግፊቱ ወደ 118.2 ይወጣል። ጅቡቲ ላይ የሚቀነሰው የባሕር ወለሉ 14.7 ስለሆነ ጌጁ 103.5 ያሳያል። የጌጁን 100 በቀጥታ በሙቀቱ ያበዛ ሰው 105.4 ይጠብቃል፤ ጎማው አየር የሚያስወጣበት ቀዳዳ አለው ብሎም ሊጠረጥር ይችላል። ሙቀቱ ባይለወጥ ኖሮ ያው ጎማ ጅቡቲ ላይ 97.5 ያሳይ ነበር፤ አንዲት እስትንፋስ አየር ሳይወጣው።

የኮምፕሬሰር ድካምም የሚለካው በፍጹም ግፊት ንጽጽር ነው። 8 ባር የሚሞላ ኮምፕሬሰር ባሕር ወለል ላይ አየሩን ወደ 8.9 እጥፍ ያምቃል፤ ዲላ ላይ ግን 8.84 ለ0.84 ሲካፈል 10.5 እጥፍ ነው። የሚስበው አየርም የሳሳ ስለሆነ ጋኑን ለመሙላት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ሞተሩ ደክሟል ተብሎ ከመለወጡ በፊት ይህ መታወስ አለበት።

አውቶክሌቭ

ከግፊት ጋር የተያያዘ ስሕተት ሰውን የሚጎዳበት ዋናው ቦታ የሕክምና መሣሪያዎች አውቶክሌቭ በሚባል ጋን ውስጥ በእንፋሎት የሚነጹበት ክፍል ነው። የተለመደው መመሪያ 121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ15 ደቂቃ ያዝዛል፤ ብዙ ጊዜም ‹‹15 ፒኤስአይ›› የሚል ቁጥር አብሮት ይጻፋል። ጀርም የሚገድለው ሙቀቱ ነው፤ ግፊቱ ያንን ሙቀት ለማግኘት የሚያስፈልግ መንገድ ነው። ንጹሕ እንፋሎት 121 ዲግሪ የሚደርሰው ፍጹም ግፊቱ 205 ኪሎፓስካል ሲሆን ነው። ባሕር ወለል ላይ ከዚህ 101.3 ሲቀነስ 104 ኪሎፓስካል፣ ማለትም 15 ፒኤስአይ ይቀራል። መመሪያው የመጣው ከዚያ ነው።

ዲላ ላይ ጌጁ 15 ፒኤስአይ ሲያሳይ በጋኑ ውስጥ ያለው ፍጹም ግፊት 187 ኪሎፓስካል ነው፤ እንፋሎቱም 118.2 ዲግሪ ላይ ይቆማል። 2.8 ዲግሪ ትንሽ ይመስላል፤ አይደለም። የጠንካራ ስፖር ተሕዋስያን አሟሟት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ አሥር ጊዜ ይዘገያል ተብሎ ይሰላል፤ በዚህ ስሌት 2.8 ዲግሪ የጎደለው ማምከኛ ያንኑ ውጤት ለማምጣት እጥፍ ገደማ ጊዜ ይወስዳል። 2800 ሜትር ላይ ባለ ጤና ጣቢያ 15 ፒኤስአይ የሚሰጠው 116 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ጊዜውም ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። በዚህ ከፍታ 15 ደቂቃ ቆጥሮ የወጣ መቀስ ንጹሕ ይመስላል እንጂ የታሰበውን ያህል አልነጻም።

ማስተካከያው ያው መቀነስ ነው። 205 ሲቀነስ የቦታው አየር፦ ዲላ ላይ 121 ኪሎፓስካል ወይም 17.6 ፒኤስአይ፣ ኢዲዶ ከፍታ ላይ 124.5 ወይም 18.1፣ 2800 ሜትር ላይ 133 ወይም 19.3 ፒኤስአይ። ጋኑና የደኅንነት ቫልቩ ይህንን ጫና እንዲችሉ ተደርገው የተሠሩ መሆናቸው አስቀድሞ ከመሣሪያው ሰነድ መረጋገጥ አለበት፤ ቫልቩ ቀድሞ የሚለቅ ከሆነ ግፊቱን በግድ ከማሳደግ ጊዜውን ማርዘም ይሻላል። ቴርሞሜትር ያለው ማሽን ላይ ደግሞ መታመን ያለበት ሙቀቱ ነው። በጋኑ ውስጥ የቀረ አየር ግፊቱን ከእንፋሎቱ ጋር ስለሚካፈል፣ አየሩ በደንብ ሳይወጣ የተነበበ ትክክለኛ ግፊት እንኳ ትክክለኛ ሙቀት አይሰጥም።

ውኃ የሚስብ ፓምፕ

በኢዲዶና በአካባቢዋ ከጥቅምት ጀምሮ እሸት ቡና ሲለቀም የማጠቢያ ጣቢያዎች ብዙ ውኃ ይፈልጋሉ። ቀዩ እሸት በመፈልፈያ ማሽን ይላጣል፣ በገንዳ ይብላላል፣ በቦይ ይታጠባል። ጣቢያው ከወንዙ ከፍ ብሎ ሲሠራ ውኃውን ፓምፕ ማውጣት አለበት።

ፓምፕ ውኃን ጎትቶ አያመጣም። በመሳቢያው ቱቦ ውስጥ ያለውን ግፊት ይቀንሳል፤ ውኃውን ወደ ላይ የሚገፋው በወንዙ ፊት ላይ የሚጫነው አየር ነው። ባሕር ወለል ላይ አየር ውኃን ቢበዛ 10.3 ሜትር ይደግፋል። ኢዲዶ ላይ ያለው 80.5 ኪሎፓስካል የሚደግፈው 8.2 ሜትር ነው። ከ2 ሜትር የሚበልጠው ልዩነት የትኛውም የሞተር ጉልበት የማይመልሰው ነው። ስለዚህ የፓምፑ መመሪያ ‹‹7 ሜትር ይስባል›› ካለና ያ የባሕር ወለል ቁጥር ከሆነ፣ ኢዲዶ ላይ 5 ሜትር እንኳ በጭንቅ ነው። የመኸሩ ወራት በገፉ ቁጥር ወንዙ ይጎድላል፣ የመሳቢያው ቁመት ይረዝማል፤ በጥቅምት ደኅና ይሠራ የነበረ ፓምፕ በታኅሣሥ የሚያስቸግረው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

በመሳቢያው በኩል የተገጠመ ጌጅ ከዜሮ በታች 50 ኪሎፓስካል አሳየ እንበል። መጽሐፉን ያመነ ቴክኒሻን ከ101.3 ላይ 50 ቀንሶ 51.3 ፍጹም ግፊት ቀርቷል ይላል። ኢዲዶ ላይ የቀረው 30.5 ነው። 20 ዲግሪ የሞቀ ውኃ 2.3 ኪሎፓስካል ላይ ስለሚፈላ ያ ተቀንሶ ወደ ሜትር ሲለወጥ፣ የመጀመሪያው ሰው 5 ሜትር የሚሆን መተማመኛ ያገኛል፤ እውነቱ ግን 2.9 ሜትር ነው። ፓምፑ በመግቢያው ላይ 3.5 ሜትር የሚጠይቅ ከሆነ በወረቀት ላይ ሰላም ነው፤ በመሬት ላይ ግን ውኃው ፓምፑ ውስጥ በብርዱ መፍላት ይጀምራል። አረፋዎቹ ግፊት ወዳለበት ሲያልፉ ወደ ውስጥ እየተጨፈለቁ ኢምፔለር የተባለውን፣ ውኃውን የሚያሽከረክረውን ክፍል ብረት ይቦረቡራሉ። ይህ ካቪቴሽን ይባላል። ፓምፑ ያንኳኳል፣ የሚያወጣው ውኃ ይቀንሳል፣ ከጊዜ በኋላ ኢምፔለሩ ይበላል። መድኃኒቱ ትልቅ ሞተር መግዛት አይደለም፤ ፓምፑን ወደ ውኃው ዝቅ ማድረግ፣ የመሳቢያውን ቱቦ ማሳጠርና ማስፋት፣ ወይም ውኃ ውስጥ ገብቶ ከታች የሚገፋ ፓምፕ መምረጥ ነው።

በመግፊያው በኩል ይህ ሁሉ ጭንቀት የለም። ውኃውን 25 ሜትር ከፍ ወዳለ ታንከር ለማድረስ በጌጅ 245 ኪሎፓስካል፣ በተጨማሪም በቱቦው ለሚባክነው የሚሆን ያስፈልጋል። አየር በሁለቱም ጫፍ እኩል ስለሚጫን ራሱን በራሱ ያጣፋል። በጥቅሉ ግፊት በዕቃ ግድግዳ ላይ የሚያደርሰው ጫና፣ የውኃ ቁመት፣ የጎማ አሞላል በጌጅ ቁጥር ይበቃቸዋል። የደም ግፊትም የጌጅ ልኬት ነው፤ 120 በ80 የሚባለው ሚሊሜትር ሜርኩሪ ከአየሩ በላይ ያለው ትርፍ ነው። በፍጹም ቢጻፍ ዲላ ላይ 749 በ709፣ ጅቡቲ ላይ 880 በ840 ይሆንና ሐኪሙ ከፍታ ሳይጠይቅ ምንም ማለት አይችልም ነበር። 150 ባር የሚያሳይ የኦክስጅን ሲሊንደር ላይ ደግሞ የአየሩ መደመር አለመደመር ከአንድ በመቶ በታች ነው። ግፊቱ ከአየሩ ጋር በቀረበ ቁጥር ስሕተቱ ይጎላል፤ ከአየሩ በታች ሲወርድ ሁሉን ነገር ይወስናል።

የቫኪዩም ጌጅ ይህን በግልጽ ያሳያል። ፊቱ ላይ እስከ 30 ኢንች ሜርኩሪ ተጽፎበታል፤ ዲላ ላይ ግን ፍጹም ባዶ ቢደረስ እንኳ ከ24.8 አያልፍም፤ ከዚያ በላይ የሚቀነስ አየር የለም። እዚያ ላይ የቆመ ጠቋሚ የፓምፑ ብልሽት ማስረጃ አይደለም።

አንድ የመጨረሻ ወጥመድ አለ። የአየር ትንበያ ዘገባዎችና ብዙ የስልክ መተግበሪያዎች ለዲላ 1015 ወይም 1020 ሄክቶፓስካል ያህል ሊያሳዩ ይችላሉ። ይህ በዲላ አየር ላይ የተነበበ ቁጥር አይደለም፤ የተለያየ ከፍታ ያላቸውን ጣቢያዎች በአንድ ካርታ ለማነጻጸር ወደ ባሕር ወለል ተመልሶ የተሰላ ነው። አብራሪዎችም ከፍታ መለኪያቸውን የሚያስተካክሉት በተመሳሳይ ስሌት ነው። ለአውቶክሌቭ፣ ለፓምፕና ለጋዝ ስሌት የሚያስፈልገው ግን የስልኩ ዳሳሽ ራሱ የሚያነበው፣ ዲላ ላይ 840 አካባቢ የሚሆነው የቦታው ግፊት ነው። ሄክቶፓስካልን ለ10 ማካፈል ኪሎፓስካል ይሰጣል።

በደጋ አገር የሚሠራ ቴክኒሻን፣ ነርስ ወይም የማጠቢያ ጣቢያ ኃላፊ የቦታውን የአየር ግፊት ከጌጁ አጠገብ በቀለም ይጻፈው፤ የሚመዘግበው ቁጥር የጌጅ ወይም የፍጹም መሆኑንም ሁልጊዜ አብሮ ያስፍር።